ባለቤት ያጣ ሙሾ

ማዱካንታ ግጥም ስትተረጉም ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ወሬውን የሚያወጣው የዥዋዥዌው ሰንሰለት ነው። ከሳሎኑ መሐል፣ ከጣሪያው ወፍራም እንጨት ላይ የተንጠለጠለው ሰፊ የጣውላ ዥዋዥዌ ረጋ ብሎ ሲጥ ሲጥ ሲል ስንኙ እሺ ብሏታል፤ ድንገት ቀጥ ሲል ደግሞ አንዲት ቃል አሻፈረኝ ብላለች። ያኔ ጎረቤቷ ኬሳርባይ በመስኮቷ ብቅ ትላለች።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቃሏ ኮበለለች እንዴ?»

«ኮብልላለች፣ ኬሳርባይ። እናንተ ቤት ከገባች መልሺልኝ።»

«እኔ ቤት የገባ ቃል መቼ ያድራል ብለሽ! ወዲያው ገበያ ይወርዳል እንጂ።»

ማዱካንታ በምዕራብ ሕንድ የወደብ ከተማ በማንድቪ፣ በሴት ልጆች ትምህርት ቤት የጉጃራትኛ መምህርት ነበረች። ጉጃራትኛ የመጽሐፉ፣ የፈተናውና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ነው። ሰው የሚጣላበት፣ ልጅ የሚያባብልበት፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራበት ግን ካችኛ ነው። ካችኛ ዘፈን ሞልቶታል፤ ዘፈኑ ግን የሚያድረው በሰው ጉሮሮ ብቻ ነው፤ ባለጉሮሮው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ማዱካንታ እነዚያን ዘፈኖች እየለቀመች በጉጃራትኛ ግጥም አድርጋ ትመልሳቸዋለች። ይህን እንድትሠራ ማንም አላዘዛትም፤ ልቧ ግን እንደ አበዳሪ ያዛታል።

ለተማሪዎቿ የምትሰጠው የቤት ሥራም ከዚያው የተቀዳ ነው። «ከእናቶቻችሁ አንድ አንድ ዘፈን ይዛችሁልኝ ኑ» ትላቸዋለች። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ሳሪዋን ወገቧ ላይ ሸጉጣ በክፍሉ በር ብቅ አለች።

«ቤን፣ እህቴ፣ ልጄን ከወፍጮ ድንጋይ ላስጥላት ብዬ ትምህርት ቤት ብልካት፣ አንቺ የወፍጮ ዘፈን ታስጠኚያታለሽ?»

«ድንጋዩን ትጣለው እህቴ፤ ዘፈኑን ግን ለእኔ ትስጠኝ» አለች ማዱካንታ። ሴትዮዋ ልትቆጣ መጥታ የሙሽራ ወገን የሚሰደብበትን የሠርግ ዘፈን አስተምራ ተመለሰች፦

የሙሽራው አጎት ሆዱ ከበሮ ነው፤
ጣፋጭ ያየ እንደሆን ራሱን የሚመታው።

ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ በየኮሪደሩ ሲዘፍኑት ሰነበቱ። ቦርጫሙ የሒሳብ መምህር ማዱካንታን ማኩረፉ ግን አልቀረም።

ለዜማ ያላት ፍቅር ከየት እንደመጣ ራሷ ታውቀዋለች። የተወለደችው በአንጃር በኩል ባለች መንደር ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች። የመንደሩ ሴቶች ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው፣ እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ ደረታቸው ላይ እያሳረፉ፣ በአንድ እግር እየረገጡ ሙሾ ያወጣሉ። ልጅቷ ሴቶች እንዲህ ክብ ሲሠሩ ያየችው በዘጠኙ ሌሊት በዓል፣ በጭፈራው ብቻ ነው። ስለዚህ ጭፈራ መሰላት። ደስ ብሏት በሁለት ሴቶች መሐል ተሽሎክልካ ገባችና ማጨብጨብ ጀመረች። ማንም አላስወጣትም። አንዲት ሴት ትንሿን እጇን ይዛ፣ እያለቀሰች፣ በዜማው አብራት ዞረች። ከእናቷ የቀራት ትዝታ ይኸው ነው፤ የመልኳ ቦታ ላይ ዜማ አለ።

ስታድግ መርከብ አናጺው ቬልጂ አገባት። ቬልጂ ከወንዙ አፍ፣ ከባሕሩ ከሚገናኝበት፣ በግማሽ የተሠሩ የእንጨት መርከቦች እንደ ዓሣ ነባሪ አጥንት ከተገተሩበት፣ ቀኑን ሚስማር ሲመታ ውሎ ማታ ዝም ብሎ የሚገባ፣ ዝምታው የማይከብድ ሰው ነው። እቤቱ ስትገባ አማት የለችም፤ ፎይ ነበሩ። ፎይ ማለት የአባት እህት ማለት ነው፤ ስማቸው ራታንባይ፣ የቬልጂ አክስት። ባላቸው ወደ ሙስካት በሄደ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ቀረ። እንደ መበለት ወግ የእጃቸው ላይ አምባር የተሰበረው ገና በልጅነታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ወንድማቸው ቤት ተመልሰው ገቡ፣ ጥቁር ለበሱ፣ የወንድማቸውን ልጅ አሳደጉ።

በዚያ ወደብ ደግሞ ሰው በሞተ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ከክቡ መሐል ቆመው ያወርዳሉ፤ ሴቶቹ ይቀበላሉ።

መርከቡ ገባ አሉ፣ ሸራው ተጠቀለለ፤
የኔ ሰው ብቻ ነው ከወደቡ የሌለ።

ይህችን ማዱካንታ ክብ ውስጥ ሆና ነው የያዘቻት። ሌላውን ልትይዝ ብትል እንባው ይቀድማታል፤ ሟች ፊት ደግሞ እርሳስ አውጥቶ መጻፍ የለ። እቤት ገብታ ስትለምናቸው ፎይ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ይጭናሉ።

«ሰው ሳይሞት ሙሾ? ቤት ውስጥ? አንቺ ማዱ፣ ሞት ደጅ ለደጅ የሚዞር እንግዳ እኮ ነው፤ ዘፈኑን ከሰማ ተጠርቻለሁ ብሎ ይገባል።»

«ቀስ ብለው ቢያንጎራጉሩልኝስ፣ ፎይ?»

«ጆሮው ከእኔ ይሻላል።»

እንዲህ ሲባባሉ ዘመን ሄደ። ማዱካንታ የእሹሩሩውን፣ የመርከበኛውን፣ የሠርጉን፣ የወፍጮውን ሁሉ ተረጎመች፤ ሙሾው ብቻ ቀረ። ፎይም አረጁ። አንድ ቀን በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ከክቡ መሐል ቆመው ስንኙን አጋመሱና ድምፃቸው እንደ ሳሳ ክር ብጥስ አለ። ሴቶቹ እጃቸውን እንዳነሱ ቆሙ። የሚቀጥለውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ማዱካንታ ወደ ቤት ስትመለስ በሐሳቧ ይዛ የሄደችው ሟቹን አልነበረም፤ ያን አየር ላይ የቀረ እጅ ነው። እኚህ ሴት ነገ ቢያልፉ የዚህ ወደብ ሴቶች የሚያለቅሱበት ቃል ያጣሉ።

ወዲያው ግን የደስታ ወሬ መጣ። ልጇ ኡርሚላ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ፣ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ ቤት ገባች። ፎይ የሚያደርጉትን አጡ። «ይህችን ቅመሺ፣ ያችን አትንኪ፣ በጎንሽ ተኚ፣ ድመቷን አትዪ» እያሉ ልጅቷን መቆሚያ መቀመጫ ከለከሏት። ማዱካንታም ለሚመጣው ሕፃን አንድ የካችኛ እሹሩሩ ልትተረጉምለት ዥዋዥዌው ላይ ወጣች።

ቀትር ነበር። ፎይ መሬት ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ፤ ኡርሚላ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላለች። ዥዋዥዌው ይሄዳል፣ ይመለሳል። የእሹሩሩው ሁለተኛ ስንኝ እምቢ አለ። ማዱካንታ ዓይኗን ጨፍና ዜማውን ብቻ በአፏ ትመላለስበት ጀመር። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ አእምሮዋ ውስጥ የሚመላለስ ሌላ ዜማ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምት ነው ያላቸው፣ ሁለቱም የሚሄድና የሚመለስ። ሳታስበው ካንዱ ወደ ሌላው ተሻገረች። ድምፅ አውጥታ፣ ከነቃሉ፦

መርከቡ ገባ አሉ፣ ሸራው ተጠቀለለ...

ሰፌዱ ወደቀ። ምስሩ በቤቱ ሁሉ ተበተነ። ማዱካንታ ዓይኗን ስትገልጥ ፎይ በድንጋጤ ነጭ ሆነዋል። ኡርሚላ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋለች። እርጉዝ በተኛችበት ቤት፣ በቀትር፣ ሙሾ!

በመስኮቱ የኬሳርባይ ጩኸት ገባ። «ኧረ አምላኬ ራም! ማን ሞተ?»

ፎይ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ሻርፓቸውን ግንባራቸው ድረስ ሳቡ።

«እኔ!» አሉ።

«ምን አሉ?»

«እኔ ነኝ የሞትኩት፣ ኬሳርባይ። ሂጂና ንገሪ፤ መቼም አልልክሽም ብል የምትቀሪ አይደለሽም።»

ቬልጂ ለምሳ ሲገባ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ልጁ ታለቅሳለች፣ ሟቿ ደግሞ እየዞሩ ትእዛዝ ይሰጣሉ።

«መጣህ? ዥዋዥዌውን አውርድ። ሰው የሞተበት ቤት ዥዋዥዌ አይሰቀልም። ከዚያ ሁላችሁም ከነልብሳችሁ ታጠቡ።»

«ፎይ፣ ምን ነካዎት? ቆመው እየሄዱ እኮ ነው!»

«ለሟች መልስ አይሰጣትም። አውርድ ነው የምልህ!»

ቬልጂ እድሜ ልኩን እሳቸውን እምቢ ብሎ አያውቅም። መሰላል አምጥቶ ሰንሰለቱን ፈታ። ማዱካንታ ከእግራቸው ወደቀች። «ፎይ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ለምን በራስዎ ላይ ይጠሩታል?»

አነሷትና ጓዳ ይዘዋት ገቡ። ኡርሚላ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ። ሙሾ አንዴ ከወጣ ባለቤቱን ሳያገኝ አይመለስም። እዚህ ቤት አንዲት እርጉዝ አለች፣ በሆዷ ያለው አለ፤ ባሕር ዳር የሚሠራ ወንድ አለ። እኔ ደግሞ አለሁ። የማንን በር ቢያንኳኳ ይሻላል? እኔ ቀድሜ ከከፈትኩለት ወደ ሌላው ምን ወሰደው?»

«ምንም አይመጣም፣ ፎይ። ዘፈን ነው።»

«ዘፈን ነው ትለኛለች! ዘፈን ብቻ ከሆነ አንቺ ለምንድነው እድሜሽን የፈጀሽበት?»

ማዱካንታ ወጥታ የተበተነውን ምስር መልቀም ጀመረች።

መቼም ልጅ የሌለው ሰው፣ ነገ ማን ያወጣልኛል ብሎ በቁሙ ተዝካሩን ማውጣቱ በአገሩ ያለ ነገር ነው። ድግሱ ይደገሳል፣ ጎረቤት ይበላል፣ ይለቀሳል፣ ባለተዝካሩም አብሮ ይበላል። ፎይ ይህንኑ እናድርግ አሉ። ቬልጂ አቅማማ። «ሰው ምን ይለኛል? ቬልጂ አክስቱ እስኪሞቱ መታገሥ አቃተው አይሉኝም?» አለ። «ይበሉህ፤ ጣፋጩን፣ ላዱውን ከበሉ በኋላ ይረሱታል» አሉት።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሙሾውን ማን ያወርዳል? ሟች ለራሷ አታወርድም።

«እሷ ታወርዳለች» አሉ ፎይ፣ ወደ ማዱካንታ በአገጫቸው እያሳዩ። «የጀመረች ትጨርስ። አሁን እኮ ሟች አለ፤ ሟቿ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሙሾ ማስጠናት ነውር የለበትም። እቤት ውስጥ ግን አይሆንም።»

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወንዙ አፍ፣ ከመርከቦቹ ጥላ ሥር ይገናኙ ጀመር። የቬልጂ መዶሻ ከሩቅ ይመታል፤ ፎይ በዚያች በሳሳች ድምፃቸው አንድ በአንድ ይለቁላታል። ለሕፃን የሚወጣ፣ ለአራስ የሚወጣ፣ አስከሬኑ ላልተገኘ መርከበኛ የሚወጣ። ማዱካንታ በጉልበቷ ላይ እየጻፈች ታለቅሳለች።

«ስለማን ነው የምታለቅሺው? ስለኔ እንደሆነ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነው» ይላሉ ፎይ፣ ሻዩን ወደ ሳህኑ ገልብጠው ፉት እያሉ።

ቃል የምትመርጥ ብቻ አልነበረችም ያኔ፤ የምትፈራም ነበረች። ሙሉ ዕድሜዋን የለመነችው ስጦታ እጇ ገባ፤ ግን እያንዳንዱ ስንኝ ከፎይ ጉሮሮ ወጥቶ ወደ እሷ በተሻገረ ቁጥር አንዳች ነገር ከአሮጊቷ እየተቀነሰ ይመስላት ነበር። በጉጃራትኛ የመለሰችውን ስታነብላቸው ደግሞ ፎይ አፍንጫቸውን ይነፋሉ።

«ምን ይላሉ?»

«ያንቺ ጉጃራትኛ ጫማ አድርጋ ነው የምታለቅሰው። አስወልቂያት።»

ማዱካንታ ስቃ እንደገና ትጀምራለች። ትልልቆቹን፣ የመጽሐፍ ቃላቱን ታወጣና የማጀት ቃል ታስገባበታለች።

አንድ ቀን ማንኛውም ለቅሶ የሚከፈትበት ዋናው ሙሾ ላይ ደረሱ። ይህ ሙሾ ሟቿን በስሟ አይጠራም፤ በልጇ ነው የሚጠራት።

ተነሺ የእገሌ እናት፣ ደጅሽ ሰው ሞላበት፤
እንግዳ ቆሞ ቀርቷል፣ ውኃ ሰጪ የለበት።

የማዱካንታ እርሳስ ቆመ። «ለእርስዎ ሲሆን እዚህ ላይ ምን እንላለን?»

ፎይ ወደ ባሕሩ አዩ። «ልጅ የሌላት እንደሆነ የእገሌ እህት ይባላል፤ ወንድሜ ከሞተ ቆየ፣ የሞተን ሰው ስም አንጠራም። የእገሌ ሚስት እንዳይሉኝ እሱም ባሕር ውስጥ ነው።»

«የቬልጂ አክስትስ?»

«አክስት ተብሎ ሲለቀስ የት ሰምተሻል?» ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «እዚያ ጋ ስትደርሱ አፋችሁን ዘግታችሁ ዜማውን ብቻ አንጎራጉሩት። አባቴ ቤት የነበረች አንዲት መበለት ስትሞት እንደዚያ ነው ያደረግንላት። ያልፋል። ማንም አያስተውለውም።»

ማዱካንታ ግን አስተዋለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስታስተምርም፣ ቂጣ ስትጋግርም፣ ያ ባዶ ቦታ ከፊቷ አልጠፋ አለ። ብዙ ግጥም መልሳለች፤ ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ የሚዘለል ቃል አጋጥሟት አያውቅም። ይህንን በየትኛውም ቋንቋ መመለስ አልቻለችም፤ በካችኛውም ራሱ የለማ።

የተዝካሩ ቀን ደረሰ። ግቢው በእንግዳ ሞላ። ወንዶቹ ውጭ ዳስ ሥር ሆነው ከሩዝና ከምስር የተሠራውን ኪችዲና ላዱ ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ጥቁርና ቡናማ ለብሰው ክብ ሠሩ፤ ከትላልቅ ተማሪዎቿም የመጡ ነበሩ። ፎይ አዲስ ጥቁር ሳሪ ለብሰው ከክቡ ዳር ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎናቸው ኡርሚላ ሆዷን ታቅፋ።

«ፎይ፣ ሲሞቱ አማረብዎት!» አለች ኬሳርባይ።

«አንቺም ሞክሪው፤ አንድ ቀን እንኳ አፍሽ ያርፋል።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ገና ሳያልቅ ማዱካንታ ወደ መሐል ገባች። ክፍል ፊት መቆም የለመደችው መምህርት ዞራ ፎይን አየች። ፎይ በአገጫቸው «ጀምሪ» አሏት።

እጇን አነሳች። «ተነሺ...» ብላ አወረደች። ክቡ እጁን አነሳ። ከፊታቸው ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉም ያውቁታል፤ ተነግሯቸዋል። ከንፈራቸውን ገጥመው ለማንጎራጎር ትንፋሽ ሳቡ። ማዱካንታ ግን አፏን አልዘጋችም።

ተነሺ የማዱ እናት፣ ደጅሽ ሰው ሞላበት፤
እንግዳ ቆሞ ቀርቷል፣ ውኃ ሰጪ የለበት።

ማንጎራጎሩ በየአፉ ቀረ። ሴቶቹ ይቀበሉ፣ አይቀበሉ ግራ ገብቷቸው ወደ ፎይ አዩ። ሕጉን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ይህ ልክ ነው አይደለም የሚሉትም እሳቸው።

ፎይ ሻርፓቸውን ጎትተው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ሟች በራሷ ለቅሶ ላይ ማልቀስ የለባትም። ትከሻቸው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወረደ። ኡርሚላ እጃቸውን ያዘች።

ማዱካንታ እጇ አየር ላይ እንዳለ ጠበቀች። «ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች፤ ይህን ያለችው እንደ መምህርት ሳይሆን እንደ ልጅ ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ከሻርፑ ሥር የመጣው የወፈረ ድምፅ። «አልሰማሁትም።»

የጎረቤት ጓዳ ወተት ሊገነፍል ሲል የሚሰሙት ፎይ አልሰማሁትም አሉ።

«ጆሮዬ ደክሟል። የማን እናት ነው ያልሽው? ጮክ አድርጊና ድገሚው።»

ማዱካንታ ጮክ አድርጋ ደገመችው። ክቡም ተቀበላት፤ ሴቶቹ ሁሉ፣ ተማሪዎቿም፣ ኬሳርባይም በዚያ በሚሰነጥቅ ድምፅዋ፣ እግራቸውን አንድ ላይ እየረገጡ ዞሩ።

«አሁንም በደንብ አልተሰማኝም» አሉ ፎይ።